ስለ ዶሪስ ዴይና ስለ ፊርማዋ

የመጽሔታችን አዘጋጆች ስለ አንድ የታወቀ ሰው ሕይወት አስተያየቴን እንድጽፍ በጠየቁኝ ጊዜ፣ የክፍል ጓደኞቼ ስለ ጦር መሪ ወይም ስለ መድኃኒት ፈልሳፊ የምጽፍ መስሏቸው ነበር። እኔ ግን የመረጥሁት አንዲት ዘፋኝ ነው። ይህን ስነግራቸው አንዳንዶቹ ሳቁ፤ አንዱም «ደግሞ ዘፋኝ ምን የሚጻፍ ታሪክ አላት?» አለኝ። መልሴ እነሆ።

በአያቴ ቤት አንድ አሮጌ የሸክላ ማጫወቻ አለ። ከሸክላዎቹም መካከል አንዱ ዶሪስ ዴይ የምትባል አሜሪካዊት «ኬ ሴራ፣ ሴራ» የተባለውን የዘፈነችበት ነው። እንግሊዝኛ የማያውቅ ሰው እንኳ ዜማውን አንድ ጊዜ ከሰማ ሲያንጎራጉረው ይውላል። የዘፈኑም አሳብ ባጭሩ፣ የነገው ስለማይታወቅ የሚሆነው ይሆናል የሚል ነው። አያቴ ይህን አሳብ ከሸክላው ያግኙት ወይም ከኑሮ ይማሩት እንጃ፣ መመሪያቸው አድርገውታል። ስለ ፈተናዬም፣ ስለ ዝናቡም፣ ስለ ታክሲ ሰልፍም ብጠይቃቸው መልሳቸው አንድ ነው፤ «የሚሆነው ይሆናል፣ ልጄ» ይሉኛል።

እኔም እስከ ዘንድሮ ድረስ በዚህ አነጋገር ቅር ብሎኝ አያውቅም ነበር። አሁን ግን የዚችን ዘፋኝ ታሪክ አንብቤ፣ ፊልሞችዋንም ተመልክቼ ስጨርስ አንድ ነገር አስገረመኝ። ይኸውም፣ ይህን ዘፈን ለዓለም ያሰማችው ሴት በሥራዋ ረገድ እንደ ዘፈኑ ሆና የማታውቅ መሆኗ ነው። እንደ ዘፈኑ የሆነችው በገንዘብዋ ረገድ ብቻ ነው፤ በዚያም ምክንያት ሃያ ዓመት የለፋችበትን አጣች። ለመናገር የፈለግሁት ይህንኑ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መጻፌን አንባቢ እንዲያስብልኝ እለምናለሁ።

ዶሪስ ካፐልሆፍ (የመጀመሪያ ስምዋ ይህ ነበር) በ1922 በአሜሪካ፣ በኦሃዮ፣ ሲንሲናቲ በምትባል ከተማ ተወለደች። አባትዋ የሙዚቃ አስተማሪና የመዘምራን መሪ ነበር። ገና ልጅ ሳለች ወላጆችዋ ስለ ተለያዩ ያደገችው በእናትዋ እጅ ነው። እዚህ ላይ አንድ የሚያስቅ ነገር አለ። ለብዙ ዘመን የተወለደችው በ1924 ነው ይባል ነበር፤ እርስዋም ራስዋ እንደዚያው ታምን ነበር። በ2017 ጋዜጠኞች የልደት ወረቀትዋን ከመዝገብ ቤት አስወጥተው ቢመለከቱ 1922 ይላል። ስለዚህ 93 ይሞላኛል ብላ ስትጠብቅ በአንድ ቀን 95 ሞላት። በስምዋ የተጻፈ ወረቀት ምን እንደሚል ሳታውቅ ይህን ያህል ዘመን መኖርዋን አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

የልጅነት ምኞትዋ ዘፈን ሳይሆን ዳንስ ነበር። ከአንድ ልጅ ጋር ሆና በከተማዋ ውስጥ በተደረገ ውድድር 500 ዶላር አሸነፈች፤ ወደ ሆሊውድ ሄደውም ዕድላቸውን ሊሞክሩ ተነሡ። ዳሩ ግን በ1937 በጥቅምት ወር፣ ዶሪስ ዐሥራ አምስት ዓመት ሆኗት ሳለ፣ የተሳፈረችበት መኪና ከባቡር ጋር ተጋጨ። ቀኝ እግርዋም ክፉኛ ተሰበረ፤ ዳንሱ በዚያው ቀረ።

ባቡሩን በእርግጥ ማንም ሊያቆመው አይችልም ነበር። እዚያ ላይ «የሆነው ሆነ» ቢባል እኔም አልቃወምም። ነገር ግን ከባቡሩ በኋላ የመጡትን ረዣዥም ወራት ማን ሠራቸው? ልጅቱ አልጋ ላይ ተኝታ ራዲዮን መስማትና አብራ መዝፈን ጀመረች። ከሁሉ ይልቅ የምትከተለው ኤላ ፊትዝጄራልድን ነበር። ኤላ አንዱን ቃል እንዴት እንደምታለዝበው፣ ሌላውን ደግሞ ሳትጨነቅ ነገር ግን ጥርት አድርጋ እንዴት እንደምትለው እያዳመጠች ትለማመድ ነበር። እናትዋም ይህን አይታ ግሬስ ሬይን ከምትባል የዘፈን አስተማሪ ዘንድ ወሰደቻት። አስተማሪዋ ከጥቂት ቀን ትምህርት በኋላ በልጅቱ ትልቅ ተስፋ ስላየችባት፣ በአንድ ትምህርት ዋጋ በሳምንት ሦስት ጊዜ ታስተምራት ጀመር። (እኔ ይህን ስጽፍ ስለ ትምህርት ቤታችን አስተማሪዎች ደመወዝ ምንም አልተናገርሁም።) ዶሪስ ዴይ ኋላ ዝነኛ ከሆነች በኋላ፣ በአዘፋፈንዋ ላይ ከማንም የበለጠ ኃይል የነበራት ይህች አስተማሪ እንደ ነበረች መስክራለች።

ስለዚህ ሰዎች «እግርዋ ባይሰበር ኖሮ ዘፋኝ ባልሆነች፤ ዕድልዋ ነው» ሲሉ ስሰማ ደስ አይለኝም። እግሩ የተሰበረ ሰው ብዙ ነው። አልጋውን ትምህርት ቤት ያደረገው ግን ጥቂት ነው። የእናትዋንና የአስተማሪዋንም ድካም «ዕድል» በሚል ቃል መሸፈን ተገቢ አይመስለኝም።

በ1939 በከተማዋ የነበረው የባንድ መሪ ባርኒ ራፕ በራዲዮን ሰምቷት ቀጠራት። ካፐልሆፍ የሚለው ስም ግን ለማስታወቂያ ሰሌዳ ረዘመበት፤ ከምትዘፍናቸው ዘፈኖች ከአንዱ ርእስ ወስዶ ዴይ አላት። እርስዋ ስሙን አልወደደችውም ነበር ይባላል። ሆኖም ሰማንያ ዓመት ያህል ተጠራችበት።

አሁን ስለ ትልቁ ባንድ ጥቂት ልናገር፤ ምክንያቱም ያን ሥራ ሳያውቁ ይህችን ሴት ማወቅ አይቻልም። በዚያን ዘመን በአሜሪካ «ቢግ ባንድ» የሚባለው ጥሩምባ፣ ትሮምቦን፣ ሳክስፎንና ክላሪኔት የሚነፉ፣ ፒያኖ፣ ባስና ከበሮ የሚመቱ ዐሥራ አምስት ወይም ከዚያ የሚበልጡ ሰዎች ያሉበት የሙዚቃ ጓድ ነው። ሕዝቡ ወደ አዳራሹ የሚመጣው ሊደንስ ነው እንጂ ዘፋኝ ሊሰማ አይደለም። ዘፋኟ ጥሩ ልብስ ለብሳ ከባንዱ ፊት በወንበር ላይ ትቀመጣለች። ባንዱ በመጀመሪያ ዜማውን ይጫወታል፤ ከዚያ እርስዋ ተነሥታ መካከል ያለውን ትዘፍናለች፤ ቀጥሎም ባንዱ ይረከባትና እርስዋ ተመልሳ ትቀመጣለች። በዚያን ጊዜ በነበረው ሸክላ አንድ ዘፈን ሦስት ደቂቃ ያህል ብቻ ስለሚይዝ፣ የዘፋኟ ድርሻ ብዙ ጊዜ ከዚያ ግማሹ እንኳ አይሆንም። በማግሥቱ በአውቶቡስ ወደ ሌላ ከተማ ጉዞ ነው።

በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ ታሪኩን መጀመር፣ ማሳመንና መጨረስ አለባት። ትንፋሽዋን ካባከነች ጥሩምባዎቹ አይጠብቋትም። ከሁሉም በላይ ማዳመጥ አለባት፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ሰው ፊት ተቀምጣ የሌሎችን ሥራ እየሰማች ፊትዋ እንዳይሰለች መጠንቀቅ አለባት። እኔ ራሴ በትምህርት ቤታችን የሙዚቃ ክበብ ሦስት ዓመት ዘፍኛለሁ። ባለፈው ዓመት በወላጆች በዓል ቀን ጓደኛዬ ስትዘፍን እኔ ከኋላ ቆሜ ሳዛጋ የተነሣሁትን ፎቶግራፍ ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል፤ ስለዚህ ይህ ነገር ቀላል እንዳይደለ በምስክር እናገራለሁ።

ሌላም ነገር አለ። ከድምፅ ማጉያ በፊት ዘፋኝ ለመሰማት መጮኽ ነበረበት። ማጉያው ሲመጣ ግን ቀስ ብሎ፣ ለአንድ ሰው ጆሮ እንደሚናገሩ ያህል መዝፈን ተቻለ። ዶሪስ ዴይ በዚህ አዘፋፈን ከታወቁት አንዷ ነበረች። ሺህ ሰው በሚደንስበት አዳራሽ እየዘፈነች አንተን ብቻ የምታነጋግርህ ትመስላለች። የሲኒማ ካሜራም የሚፈልገው ይህንኑ ነው፤ ፊትህን ቀርቦ ስለሚያይ ጩኸት አይወድም። ትወና ሳትማር እንዴት ተዋናይ ሆነች ለሚለው ጥያቄ የእኔ መልስ፣ ሳትማር አልሆነችም የሚል ነው። ለስድስት ሰባት ዓመት በባንዱ ወንበር ላይ ተምራለች።

በ1940 ወደ ሌስ ብራውን ባንድ ገባች። በ1941 ግን አንድ ትሮምቦን ተጫዋች አግብታ ሥራዋን ተወች። በ1942 ወንድ ልጅ ወለደች፤ ባልዋ ይመታት እንደ ነበር ራስዋ ኋላ በመጽሐፍ ገልጻለች። ትዳሩ ፈረሰና በ1943 ልጅዋን ለእናትዋ ትታ ወደ ሌስ ብራውን ተመለሰች። በእነዚያ ዓመታት የአሜሪካ የሙዚቀኞች ማኅበር ከሸክላ ኩባንያዎች ጋር ተጣልቶ ከ1942 እስከ 1944 ድረስ አባሎቹ ሸክላ እንዳይቀርጹ ከልክሎ ነበር። ክልከላው በኅዳር 1944 ሲያበቃ ወዲያው ከተቀረጹት መካከል «ሴንቲሜንታል ጆርኒ» አንዱ ነው። በ1945 ሲወጣ ጦርነቱ ሊያልቅ ቀርቦ ነበር፤ ዘፈኑም ወደ ቤት ስለ መመለስ ስለሆነ፣ በየባሕሩ ማዶ የነበሩት ወታደሮች የራሳቸው አደረጉት። እንደ እኔ አስተያየት የዘፈኑ ኃይል በዝግታው ነው። የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ናት፤ ነገር ግን ምንም አትቸኩልም።

ከጦርነቱ በኋላ ትልልቆቹ ባንዶች ወደቁ። ያን ሁሉ ሰው መመገብና ማጓጓዝ ከበደ፤ ሕዝቡም ባንዱን ትቶ ዘፋኙን መከተል ጀምሮ ነበር። በ1946 መጨረሻ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የታወቁ በርካታ ባንዶች ተበተኑ። ዶሪስ ዴይ በዚያው ዓመት ከሌስ ብራውን ወጥታ ነበር። ብዙ የባንድ ዘፋኞች በዚያን ጊዜ ተረሱ፤ እንደ ፍራንክ ሲናትራ ያሉት ጥቂቶች ብቻ ወደ ሲኒማ ተሻገሩ።

የእርስዋ መሻገሪያ እንዲህ ሆነ። በሆሊውድ በአንድ ግብዣ ላይ ስትዘፍን ጁል ስታይንና ሳሚ ካን የተባሉ ሁለት የዘፈን ደራሲዎች ሰሟት። እነርሱም ዘፈን ይደርሱለት ለነበረው ፊልም የታጨችው ተዋናይት ፀንሳ ስለ ቀረች ሌላ ሴት ይፈለግ ነበር። ወደ አዘጋጁ ወደ ማይክል ከርቲዝ ወሰዷት። ይህ ሰው «ካዛብላንካ» የተባለውን ስመ ጥር ፊልም የሠራ ነው። እርስዋ በዚያን ጊዜ ሁለተኛው ትዳርዋ እየፈረሰ በኀዘን ላይ ነበረች፤ እፊቱ ቀርባ አለቀሰች፤ ተጫውታም እንደማታውቅ ሳትደብቅ ነገረችው። እርሱ ግን ይህን ቅንነትዋን ወደደው። ፊልሙም በ1948 ታየ። ከዚያ በኋላ እስከ 1968 ድረስ በ39 ፊልሞች ተጫውታለች።

ሁሉንም ልዘረዝር አልችልም፤ አንዳንዶቹም ቢረሱ የሚጎዱ አይመስለኝም። ሁለቱን ግን ላነሣ እወዳለሁ።

አንደኛው በ1955 የተሠራው «ውደደኝ ወይም ተወኝ» የሚል ትርጉም ያለው ፊልም ነው። ሩት ኤቲንግ ስለምትባል በእውነት የኖረች ዘፋኝ የሚናገር ነው። ይህችን ዘፋኝ አንድ ወሮበላ ሥራ አስኪያጅዋም ባልዋም ሆኖ፣ የት እንደምትዘፍን፣ ምን እንደምትለብስ፣ ምን እንደምትፈርም ይወስንላታል። ባልየውን ጄምስ ካግኒ ነው የተጫወተው። ዶሪስ ዴይ እዚህ ላይ ፈገግታዋን ትታ በቁጣና በመታከት ስትጫወት ላያት ሰው፣ «የደስ ደስ ያላት የጎረቤት ልጅ ብቻ ናት» የሚለው ወሬ ሐሰት መሆኑ ይገባዋል። አባቶቻችን «የሰው ጉድፍ አይቶ የራሱን አያይም» የሚሉት ነገር እዚህ ላይ ትዝ አለኝ። በፊልሙ ውስጥ የሌላዋን ሴት መታሰር እንዲያ አድርጋ ያሳየችው ሴት፣ በቤትዋ ማርቲን ሜልቸር የሚባለው ባልዋ የገንዘብዋንና የውልዋን ነገር ሁሉ ይዞላት ነበር። ሜልቸር እንደዚያ ያለ ወሮበላ ነበር ማለቴ አይደለም። ያገባችው በ1951 ነው፤ እስከ ሞቱም አብረው ኖረዋል።

ሁለተኛው አልፍሬድ ሂችኮክ በ1956 ያወጣው «ከመጠን በላይ ያወቀው ሰው» የተባለው ፊልም ነው። «ኬ ሴራ፣ ሴራ» የሚለው ዘፈን የመጣው ከዚህ ነው። ታሪኩ በማራካሽ፣ በሞሮኮ ይጀምራል። (በዚያ ሥራ ላይ ሳሉ የግመሎቹንና የፍየሎቹን መጎሳቆል አይታ እጅግ ስላዘነች፣ ለእንስሳት የነበራት አሳቢነት ከዚያ ጀምሮ የዕድሜ ልክ ሥራ ሆነባት።) ሂችኮክ ስለ አጫወትዋ አንድ ቃል ስለማይናገር ጠልቶኛል ብላ ተጨንቃ ነበር። ኋላ ስትጠይቀው ግን፣ የሚታረም ስላላገኘ እንጂ ጠልቷት እንዳልሆነ አስረዳት። ዘፈኑንም መጀመሪያ አልወደደችውም፤ የልጆች ዘፈን ነው ብላ ንቃው ነበር። ያው ዘፈን የኦስካር ሽልማት አገኘ፤ እስከ ሞትዋም ድረስ ስምዋ ሲነሣ አብሮ የሚነሣ ሆነ።

የፊልሙ መጨረሻ ላይ ያለችው ሴት ቀድሞ ዘፋኝ የነበረች እናት ናት፤ ልጅዋ ተሰርቆ በለንደን በአንድ ኤምባሲ ፎቅ ላይ ተደብቋል። እርስዋ ከታች በእንግዶች መካከል ፒያኖ ፊት ተቀምጣ ያንኑ ለልጅዋ ስትዘፍንለት የነበረውን ዘፈን ትጀምራለች። መጀመሪያ በልክ ትዘፍናለች፤ ከዚያ ድምፅዋን ለግብዣ ከሚገባው በላይ ታሰማለች፤ እንግዶቹም ግራ ይጋባሉ። ልጁ ከላይ ሰምቶ በፉጨት ይመልስላታል። እኔ ይህን ቦታ አራት ጊዜ አይቼዋለሁ። አፍዋ የሚሆነው ይሆናል ትላለች፤ ነገር ግን ልጅዋን ለማስመለስ በእጅዋ ያለውን ብቸኛ መሣሪያ እየተጠቀመች ነው። የሚሆነው እንዲሁ እንዲሆን የተወች ሴት እንደዚያ አትዘፍንም። አያቴን ጠርቼ ይህን ባሳያቸው ጥቂት ዝም ብለው «ታዲያ ልጇ ነው እኮ» አሉኝ።

ከዚያ ወዲያ ዝናዋ ላይ ላይ ወጣ። በ1959 ከሮክ ሁድሰን ጋር በሠራችው አስቂኝ ፊልም ለኦስካር ታጨች። በ1960፣ በ1962፣ በ1963ና በ1964 በአሜሪካ የሲኒማ ቤቶች ገቢ ከሁሉም ተዋንያን አንደኛ እርስዋ ነበረች፤ ከሴቱም ከወንዱም ማለት ነው።

በሚያዝያ 1968 ባልዋ ሞተ። ከቀብር በኋላ መዝገቦቹ ሲገለጡ፣ ሃያ ዓመት የሠራችበት ገንዘብ ሁሉ የለም። ባልዋና ጄሮም ሮዘንታል የተባለው ጠበቃቸው በየንግዱ ሲያስገቡት ጠፍቷል፤ ይባስ ብሎም ዕዳ አለባት። እንደዚሁም ባልዋ ሳይነግራት በስምዋ የቴሌቪዥን ውል ገብቶ ኖሯል። ቴሌቪዥን መሥራት የማትፈልገው ነገር ነበር። ሆኖም ዕዳውን መክፈል ስላለባት ያልፈቀደችውን ሥራ ጀመረች፤ ከ1968 እስከ 1973 ድረስ በአምስት ዓመት 128 ክፍል ሠራች። እኔ ከዚያ ጥቂቱን ተመልክቻለሁ። ባልዋ ከሞተ ገና ጥቂት ወር እንደሆነው ለማያውቅ ሰው ከፊትዋ ምንም አይታወቅም። የባንዱ ወንበር እዚህም አገልግሏታል።

ጠበቃውን ከሰሰችው። በ1974 ዳኛው ከ22 ሚሊዮን ዶላር በላይ ፈረደላት፤ በ1979 ግን የጠበቃው ኢንሹራንስ ሰጪዎች በ6 ሚሊዮን ያህል ተስማሙ፤ እርሱም በየዓመቱ እየተከፋፈለ በ23 ዓመት የሚከፈል ነበር። ጠበቃው በ1987 ከጥብቅና ሥራ ተሰረዘ። ባልዋ አውቆ አጠፋ ወይስ እርሱም ተታለለ የሚለውን ሰዎች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። ለእኔ ክርክሩ ትልቅ ነገር አይደለም። ክፉ ቢሆንም፣ ተላላ ቢሆንም፣ መዝገቡን በየዓመቱ አንድ ቀን የምታይ ሚስት ብትኖረው ኖሮ ነገሩ ሃያ ዓመት ባልቆየ ነበር።

ይህን በክፍል ውስጥ በተናገርሁ ጊዜ አንዲት የምወዳት ጓደኛዬ ተቃወመችኝ። «ሚስት ባልዋን ካላመነች ትዳር ምን ይሆናል? ሒሳብ የምትጠይቅ ሴት ፍቅር የላትም» አለች። ከወላጆችም ይህን አሳብ የሚደግፉ ብዙ እንዳሉ አውቃለሁ። በዚያን ዘመን በአሜሪካም ቢሆን የሴት ሥራ መዝፈንና መጫወት፣ የወንድ ሥራ ደግሞ መዋዋልና መቁጠር ነው ተብሎ ይታሰብ ስለ ነበር፣ ጥፋቱን ሁሉ በእርስዋ ላይ መጣል አልፈልግም። ነገር ግን እቁብ የሚጥሉትን እናቶቻችንን ተመልከቱ። ይዋደዳሉ፣ ልጅ ሲወለድ ገንፎ ይዘው ይሄዳሉ፣ ሲያዝኑ አብረው ያለቅሳሉ። ሆኖም እቁቡ ዳኛ አለው፤ ጸሐፊ አለው፤ መዝገብም አለው። መዝገቡ ሲነበብ «ተጠራጠራችሁኝ» ብላ የተቀየመች እናት አላየሁም። ወጥ የምትሠራ ሴትም ብትሆን «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» የሚለውን ታውቃለች።

የቀረውን ባጭሩ ልጨርሰው። ዶሪስ ዴይ ከቴሌቪዥኑ በኋላ በካሊፎርኒያ ካርሜል በሚባል ስፍራ ተቀመጠች፤ በ1978 እንስሳትን የሚረዳ ድርጅት አቋቋመች። በ2004 የአሜሪካ ፕሬዚደንት ለሲቪል ሰው የሚሰጠውን ከፍተኛ ሜዳይ ሲሸልማት፣ አውሮፕላን መሳፈር ስለምትፈራ ለመቀበል አልሄደችም። አንድ ልጅዋም በዚያው ዓመት ሞተባት። በግንቦት 2019 በ97 ዓመትዋ ዐረፈች። በኑዛዜዋም የቀብር ሥነ ሥርዓት እንዳይደረግላት፣ በመቃብርዋም ላይ ምልክት እንዳይቆም አዘዘች። ይህን ወረቀት እንኳ አንብባ የፈረመችው ይመስለኛል።

ስለዚህ ጉዳይ ለምን ይህን ያህል እንደማስብ አንባቢ ቢጠይቀኝ ምክንያት አለኝ። አባቴ ልጅ ሳለሁ ነው የሞተው። ትቶልን የሄደው ቤት ለእኔና ለወንድሜ የሚገባ ሲሆን፣ እስከ ዛሬ ኪራዩን እየሰበሰቡ ያሳደጉን አጎቴ ናቸው። ዘንድሮ ዐሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላኝ አጎቴ የውክልና ወረቀት አጽፈው ይዘውልኝ መጡ። «ፈርሚበት፣ ለእኔው ድካም ነው» አሉኝ። እኔም ብዕሩን አንሥቼ ነበር። በዚያ ሳምንት የዶሪስ ዴይን ታሪክ ባላነብ ኖሮ ፈርሜ ወደ ጥናቴ እመለስ ነበር። «አጎቴ፣ ዛሬ ማታ ላንብበው» ስላቸው ፊታቸው ተለወጠ፤ እናቴም ደነገጠች። አጎቴን ለመውቀስ ይህን አልጽፍም፤ እርሳቸውም ይህን ጽሑፍ አስቀድመው አይተውታል።

ወረቀቱ ሦስት ገጽ ነው። ኪራይ ስለ መሰብሰብ ይላል፤ ግብር ስለ መክፈል ይላል። በሁለተኛው ገጽ ላይ ግን ቤቱን ለመሸጥ፣ ለመለወጥና በዋስትና ለማስያዝ ሙሉ ሥልጣን ሰጥቻለሁ ይላል። በማግሥቱ ይህን ሳሳያቸው አጎቴ መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት። እርሳቸውም አላነበቡትም ኖሯል፤ ራፖር ጸሐፊው ለሁሉ የሚጽፈውን ገልብጦ ነው የሰጣቸው። «ይህንማ እኔም አላልኩ» ብለው በእጃቸው ሰረዙት። አዲሱ ወረቀት ለመጪው ሳምንት ይደርሳል። አያቴም ነገሩን ሰምተው፣ ከመፈረሜ በፊት ጮክ ብዬ እንዳነብላቸው፣ እስከዚያም ሸክላው ጠፍቶ እንዲቆይ አዝዘውኛል።